በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር

አሶሳ፣ አምባ ስምንት
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስለሺ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን ሾፌሩ ምንይችል አድርሶልኛል። ሰላምታህ አንድ ገጽ ሙሉ ሆኖ ቁም ነገሩ በሁለት መስመር ቀርቷል። አራተኛ ክፍል ሳስተምርህም እንዲሁ ነበርህ፤ ድርሰትህ መግቢያ ብቻ ነበረው። በቤታችን አድገህ ይህን ጠባይ ከማን እንደወሰድህ አላውቅም።

ጥያቄዎችህን በተራ እመልሳለሁ።

አዎ፣ የምልህ ያንኑ የሳር ማጨጃ ነው፤ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳውን፣ የመንገድ ሥራው ካምፕ ሲዘጋ እድራችን በጨረታ የገዛውን ቀዩን ማሽን። አልነሳም ብሏል። ሞተሪኖው ያጓራል፣ ቤንዚኑ ከሥር ይንጠባጠባል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይስልና ዝም ይላል። የወፍጮ ቤቱ ማህጁብ ከሥሩ ተኝቶ ሲያየው ቆየና፣ እንደ ልማዱ በዐረብኛ ጠርቶኝ፣ "ያ አረጋሽ፣ ካርቡራተር ሞቷል፤ አላህ ይዘንለት" አለኝ። አንተ አዲስ አበባ በመለዋወጫ ሱቅ ተቀጥረህ ሳለ ሌላ ሰው መጠየቅ ነውር ስለሆነ ጻፍሁልህ።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሃል። ቁጥር በስልክ አይነገርም። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው "እሺ እሺ" ይላል፣ በመጨረሻ የሚመጣው ዕቃ የማንም አይደለም።

ለምን እንደቸኮልሁም ጠይቀሃል። እድሩ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይሰበሰባል። ምክትሌ ገበየሁ፣ ማሽኑን ለቆራሌው እንሽጠውና ሳሩ ላይ ፍየል እናሰማራ እያለ ቤት ለቤት ይዞራል። ፍየል፣ በመቃብር ላይ! ቆራሌው ከወዲሁ መጥቶ ማሽኑን እንደ ገበያ በግ ወገቡን ዳብሶት ሄዷል። የቤተ ክርስቲያኑ ሜዳና የመቃብሩ ስፍራ ሳር ከእኔ ቁመት አልፏል። ኅዳር ሲገባ ይደርቃል። ያን ጊዜ ለእርሻ የተለቀቀ እሳት ከጫካው ተሻግሮ ከገባበት የእንጨት መስቀሎቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ከዚያ በፊት መታጨድ አለበት። በማጭድ እንዳይባል፣ ጎልማሶቹ ሁሉ ወርቅ ለማጠብ መንጌ ወርደዋል።

ስለ ውድነህ ጤና ጠይቀሃል። ጉልበቱን አሁን አያመውም።

አረጋሽ

❖

አሶሳ፣ አምባ ስምንት
ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስለሺ፣

መጪው ዓመት ይባረክልህ። ሰላምታህ አሁንም ረጅም ነው።

የማሽኑን ስም ጠይቀሃል። ኮፈኖው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ፀሐይ በልቶት አንድ ፊደልና ግማሽ ኮከብ ብቻ ቀርቷል። ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ጠይቀሃል። ፈረስ አልቆጠርሁም። ፒስተኑ ስንት እንደሆነ ጠይቀሃል። ማህጁብ አንድ ነው ይላል፣ ገበየሁ ሁለት ነው ይላል፤ ስለዚህ አንድ ነው።

የሞተር ቁጥር ካላገኘህ ምንም ማድረግ እንደማትችል ጽፈሃል። ይህ ትክክል ነው፤ ከደብዳቤህም የወደድሁት ይህን መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ፈልጌ አገኘሁልህ። ከሞተሩ ጎን፣ ዘይቱ ከደረቀበት ሥር፣ በብረት ተመትቶ እንዲህ ይላል፦ 08-114-05። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ አመታቱ ጥንቁቅ ነው። የፋብሪካ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ማሽኑን ማን ይነዳው እንደነበር ጠይቀሃል። ውድነህ ብቻ። ለሌላ ሰው ወንበሩን እንኳ አያስነካም ነበር። ታዲያ እሱ ራሱ ለምን አይጽፍልኝም ላልኸው፣ መነጽሩ እኔ ዘንድ ነው።

አረጋሽ

❖

አዲስ አበባ
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ አረጋሽ፣

ሰላምታ አሳጥር ስላሉኝ፦ እንዴት ከረሙ፣ እንኳን አደረሰዎ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጨረስኩ።

እትዬ፣ የላኩልኝ ቁጥር ሶማሌ ተራን አሳበደው። አንዱ ነጋዴ "የቻይና ነው" አለ። ጎረቤቱ "ቻይና እንዲህ አይጽፍም፣ የህንድ ነው" ብሎ ተነሳበት፤ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ሦስተኛው ወረቀቱን ሳያይ "ነበረኝ፣ ትናንት ሸጥኩት" አለኝ። አለቃዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካዩት በኋላ፣ "ስለሺ፣ ይሄ የሞተር ቁጥር አይደለም፤ ሎተሪ ነው። ወጥቶልህ እንደሆነ ሂድና አጣራ" ብለው ሱቁን በሙሉ አሳቁብኝ። እኔ ግን እትዬ አረጋሽ ያነበቡት ቁጥር አይሳሳትም ብዬ ተከራከርኩ። ለማንኛውም ለዚያ ዓይነት ሞተር ይቀርባል የተባለውን ካርቡራተር በምንይችል ልኬያለሁ።

ግን ጋሼ ውድነህ ምን ይላሉ? ያንን ሞተር ከእኔ አስበልጠው ነው የሚወዱት። ልጅ ሆኜ ስታመም "ውኃ ስጡት" ይሉ ነበር፤ ማሽኑ ሲያስነጥስ ግን እራት አይበሉም። ስልካቸው ለምን ዝግ ሆነ? ተቆጥተውኝ ይሆን? ስኳሩን ቀነሱ ወይስ አሁንም ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ነው? የት ነው የሚውሉትስ?

ልጅዎ ስለሺ

❖

አሶሳ፣ አምባ ስምንት
መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስለሺ፣

ካርቡራተሩ ደርሷል። ለውኃ ፓምፕ የተሠራ ነው። ማህጁብ በግራም በቀኝም ሞከረውና፣ "ይሄ የሌላ ሰው ጥርስ ነው፤ በእኛ አፍ አይገባም" አለ። ቀጥሎም፣ "ያ አረጋሽ፣ አንተ አታልቅስ፤ ዕቃው ይመጣል፣ ኢንሻላህ" አለኝ። ማህጁብ ሴቱንም ወንዱንም እኩል "አንተ" ነው የሚለው፤ ማረም ከተውሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ያለቀስሁ መስሎትም ተሳስቷል። ቤንዚን ዓይኔ ገብቶ ነው።

ቁጥሩን ተሳስተው አንብበው ይሆናል የሚል ነገር ከደብዳቤህ ጀርባ ይሸተኛል። አንድ ጊዜ በመነጽሬ፣ አንድ ጊዜ በውድነህ መነጽር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አንብቤዋለሁ። በሦስቱም አንድ ነው። ሎተሪ ነው ያሉትን አለቃህን፣ ደሴ ያስተማሩኝ መምህርት ቢያገኟቸው ኖሮ ጥግ ላይ በአንድ እግር ያቆሟቸው ነበር ብለህ ንገርልኝ።

እዚህ ጊዜው እየከፋ ነው። የሳሩ ጫፍ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ገበየሁ ትናንት ሁለት ፍየሎች በገመድ አስሮ በደጄ ፊት አሳልፏቸዋል። ሰላምታም አልነፈገኝም። "እንደምን ዋሉ፣ እትዬ? እነዚህኞቹ ቤንዚን አይጠጡም" አለኝ። "ጸሎት ግን ያበላሻሉ" ብዬው በሩን ዘጋሁ።

ለጥያቄዎችህ፦ ውድነህ ስለ ማሽኑ ምንም አልተናገረም። ስልኩ ባትሪው አልቋል፤ እኔም አልሞላሁትም። አልተቆጣህም፤ ይህን በእርግጠኝነት ልነግርህ እችላለሁ። ስኳር ከቀመሰ ሰንብቷል። የት ይውላል ላልኸው፣ እዚያው ሳሩ ያለበት ስፍራ ነው።

ትክክለኛውን ዕቃ ፈልግ።

አረጋሽ

❖

አዲስ አበባ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ አረጋሽ፣

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሱቅ ውስጥ አነበብኩት፤ ከዚያ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ልለምንዎ፤ አይቆጡኝ። ትልቁን ድስት ያውርዱ። ክዳኑን ገልብጠው ከእጀታው ሥር ይመልከቱ። ከዚያ እኔ ለማጥናት እቀመጥበት የነበረውን ወንበር ያንሱና እግሩን ይዩ። ከዚያ ባልዲውን።

የሞተሩ እውነተኛ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው። ኮፈኖው ላይ የነበረው ስም ማሽኑን የገጣጠመው ሰው ስም ነው፤ ሞተሩን የሠራው ሌላ ነው። ስለዚህ የማሽኑ ስም ቢኖርም አይረዳንም ነበር። ኮፈኖውን ያስነሱ። ካንዴላው ካለበት በላይ ሞተሩን የሚሸፍን ቆርቆሮ አለ። ማህጁብ በነጭ ጋዝና በጨርቅ ይፈግፍገው። ቀጥ ብሎ የተመታ ሳይሆን ጥቃቅን ሆኖ በሦስት ቦታ የተከፈለ ረጅም ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው ክፍል የሞተሩ ሞዴል ነው፣ ሁለተኛው ዓይነቱ፣ ሦስተኛው የተሠራበት ጊዜ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ገበየሁ ካሜራ ያለው ስልክ አለው፤ አንድ ፎቶ ቢያነሳልን ይበቃል።

እትዬ፣ ይጠንክሩ። ምግብ አይተዉ። ማህጁብና ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ብቅ እንዲሉ ስለሺ አደራ ብሏችኋል ብለው ይንገሯቸው።

ልጅዎ ስለሺ

❖

አሶሳ፣ አምባ ስምንት
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስለሺ፣

የድስቱን ክዳን ገለበጥሁ። 08-31-79 ይላል። የወንበሩ እግር 08-52-83። ባልዲውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ግን አየሁት።

ውድነህ የሰፈራው ንብረት ክፍል ኃላፊ ሳለ የጀመረው ነገር ነው። መጀመሪያ የአምባው ቁጥር፣ ቀጥሎ የዕቃው ተራ፣ በመጨረሻ ዓመቱ። መንግሥት ሲለወጥ ንብረት ክፍሉ ተዘጋ፤ እሱ ግን መዶሻውንና የቁጥር መምቻዎቹን ይዞ ቤት ገባ፣ ሥራውንም ቀጠለ። የፍየሏን ቃጭል ሳይቀር መትቷል። አንድ ቀን ማህጁብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ "ያ ውድነህ፣ መዶሻ አስቀምጥ! እኔ ሰው ነኝ፣ ዕቃ አይደለሁም!" ብሎ የጮኸው ትዝ ይልህ ይሆናል። ያንን ክዳን ስንት ዓመት አጥቤዋለሁ። ሳጥበው እንጂ ሳነበው አልነበርሁም።

ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ በሶማሌ ተራ ያንከራተትሁህ በሞተር ቁጥር አይደለም፤ በባሌ መዶሻ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ይህን መስመር ቀደህ ጣለው።

ነገሩን ለማህጁብ ነገርሁት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

እውነተኛው ቁጥር አንተ ባልኸው ቦታ ተገኝቷል። የገበየሁን ካሜራ አልለምንም። መገልበጡንም ለዓይኔ አላመንሁትም። ቀጭን ወረቀት ቆርቆሮው ላይ ዘርግቼ በእርሳስ ፈገፈግሁበት፤ እናንተ ክፍል ውስጥ እኔ ዞር ስል ሳንቲም ላይ ታደርጉት እንደነበረው። ሦስቱም ክፍሎች ወጥተዋል። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ አታጥፈው።

ስብሰባው ጥቅምት ሠላሳ ነው። ቆራሌው በዚያው ቀን ጋሪ ይዞ እንዲመጣ ገበየሁ ነግሮታል።

ሌላ ነገር። በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ ውድነህ አንድም ጥያቄ የለም። ሳታቋርጥ ትጠይቅ ነበር። ጠይቀኝ ማለቴ አይደለም። አለመጠየቅህን አስተውያለሁ ለማለት ነው።

አረጋሽ

❖

አዲስ አበባ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ አረጋሽ፣

ተገኘ! ወረቀቱን አለቃዬ ፊት ዘረጋሁት። ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ "ይሄን የሠሩ ሴትዮ ሥራ ይፈልጋሉ?" አሉኝ። ያው ነጋዴ፣ ያ "ትናንት ሸጥኩት" ያለኝ፣ የመጀመሪያውን ክፍል እንዳነበበ መሰላል አቆመና ከጣሪያው ሥር አቧራ የጠገበ ካርቶን አወረደ። ከነጓርኒሲዮኑ፣ ከነፊልትሮው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከወረቀትዎ ጋር ሲመሳከር አንድ ቁጥር አልጎደለም።

በምንይችል ግን አልልከውም። ዕቃው ስስ ነው፤ አገጣጠሙም እጅ ይፈልጋል። ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ቅዳሜ አሶሳ እገባለሁ። ከተማ አድሬ እሑድ ንጋት ላይ አምባ እደርሳለሁ። ማህጁብና ሌሎች ሽማግሌዎች በዚያ ሰዓት እርስዎ ጋ ቢገኙ ደስ ይለኛል።

ስለ ጋሼ ያልጠየቅኩት ረስቼ አይደለም። ፊት ለፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ማታ ማታ ያሳስበኛል። ክዳኑ 31 ነው፣ ወንበሩ 52፣ ማሽኑ 114። ቁጥር አንድ ምን ነበር?

ልጅዎ ስለሺ

❖

አሶሳ፣ አምባ ስምንት
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስለሺ፣

በደህና መግባትህን ምንይችል ነግሮኛል። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አስቁመህ ሙዝ ገዛህ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ሐዘንተኛ መብላት አለበት።

አሁን ሁሉም ስለተነገረ በግልጽ ልጽፍልህ እችላለሁ። ውድነህ በሰኔ ሲያርፍ ዝናቡ ድልድዩን ወስዶት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ አንተን ለቀብር ማድረስ አልተቻለም። ከዚያ በኋላ የቀረው መርዶ ነው። መርዶ ደግሞ በሾፌር እጅ አይላክም፣ በስልክማ ጭራሽ። ሰው ወልዶም ይሁን አሳድጎ ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ቆሞ እንዲሰማ አያደርግም። ስለዚህ አምባውን በሙሉ አስጠነቀቅሁ፤ ገበየሁ እንኳ በዚህስ አላማኝም። እኔም ያልደወልሁልህ በቁጥሩ ብቻ ምክንያት አልነበረም። እጄ ያሻኝን ይጽፋል፤ ድምፄ ግን አይታዘዝልኝም። አንድም ውሸት ግን አልጻፍሁልህም። ደብዳቤዎቹን አውጥተህ እንደገና አንብባቸው።

ስለ እሑድ ንጋት የምለው አለኝ። ማህጁብ ያንን ንግግር ስንት ቀን ተለማምዶት ነበር። "ልጄ ስለሺ፣ ዱንያ መንገደኛ ናት" ብሎ ሊጀምር፣ ከዚያ ስለ ነቢዩ ኢዮብ ሊያወራ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ነገሩ ሊገባ ነበር። አንተ "ልጄ" ከማለቱ ጮኽህ። እስከ ዛሬ ይከነክነዋል። "ያ አረጋሽ፣ ልጁ ቀደመኝ፤ ኢዮብ ሳይነገር ቀረ" ይለኛል። ከዚያ ጃኬትህን ስታወልቅ ከሥሩ ጥቁር ሸሚዝ፣ ያውም በካውያ የተተኮሰ! መርዶ ያልሰማ ሰው ጥቁር ሸሚዝ ተኩሶ አይመጣም። ያን ጊዜ ነው ደብዳቤህ ውስጥ ያለው ዝምታ የገባኝ። ውድነህ በሕይወት ቢኖር የራሱን መዶሻ የሞተር ቁጥር ነው ብዬ እንድልክ አይፈቅድልኝም ነበር፤ ያንን ቁጥር ስታውቀው ሁሉንም አወቅህ። አውቀህም አፍህን ያዝህ፣ ሥርዓቱን ጠበቅህልኝ።

ከአሥር ሰባት ሰጥቼሃለሁ። ለቅሶህ የእውነት ነበር፤ ሦስቱ የተቀነሰው ሽማግሌ ስላላስጨረስህ ነው።

ከሄድህ በኋላ ስለሆነው ደግሞ ጠይቀሃል። ማሽኑ አንተ እንደተውኸው በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ሜዳው ታጭዶ አልቋል፣ መቃብሩም ዙሪያው ጸድቷል፤ ባለፈው ሐሙስ እሳቱ ከጫካው መጥቶ የታጨደው ጠርዝ ላይ ቆሞ ሞተ። የውድነህ መስቀል ከደጄ ይታያል። ስብሰባው ላይ ቆራሌው ጋሪውን እየገፋ መጥቶ ነበር፤ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ያንን የውኃ ፓምፕ ካርቡራተር ሰጠነው። ገበየሁ ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "እትዬ፣ እኔም አንድ ዙር ልንዳ እንዴ?" አለ። "አንተ ፍየሎችህን ንዳ" አልሁት። ኋላ ግን አሳዘነኝ፤ በሜዳው ላይ እንዲያዞረው ፈቀድሁለት። ቀጥ አድርጎ አያጭድም።

ቁጥር አንድ ምን እንደነበር ጠይቀህ ነበር። እዚህ ሳለህ ልነግርህ አልቻልሁም።

በ78 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቱ ገና የሣር ጎጆ ሳለ አንድ ቀጭን ሰው መዶሻ ይዞ ገባና፣ "የመንግሥት ንብረት ልመዘግብ ነው የመጣሁት" አለ። ክፍሉ ውስጥ ልጆች፣ ድንጋይና እኔ ብቻ ነበርን። ዙሪያውን አይቶ አይቶ የሚመታው ነገር ቢያጣ የብረት ማስመሪያዬን ከእጄ ወሰደ። ብረቱን ትቶ እኔን እያየ መታው፤ ቁጥሩ ተጣሞ ወጣ። በልጆቹ ፊት፣ "ማስመሪያ ላይ ጠማማ ቁጥር ይመታል? ሌላ ጊዜ ቀጥ አድርገህ ምታ" አልሁት። ከዚያ ወዲህ የመታውን ሁሉ ቀጥ አድርጎ መታ፤ አንተም እኔም የፋብሪካ ሥራ ነው ብለን የተታለልነው ለዚህ ነው። መዳፍህ ያቺን ማስመሪያ በደንብ ያውቃታል። የዚህን ደብዳቤ መስመሮች ያሰመርሁትም በእሷ ነው።

ትናንት መዶሻውንና መምቻዎቹን ከሣጥን አወጣሁ። ማህጁብ ብረቱን ያዘልኝ፤ "ቀስ በል፣ ጣቴ ቁጥር አይፈልግም" እያለ። አዲሱ ካርቡራተር ላይ 08-115-17 ብዬ መታሁበት። ንብረት ያለ ቁጥር አይቀመጥም።

ተጣሞ ወጣ። ላቃናው መዶሻውን እንደገና አነሳሁና፣ መልሼ አስቀመጥሁት።

አረጋሽ